ንፍሯችንን የበላው ድምፅ ቀጂ

ሰው በጫት ይለከፋል፤ በቁማር ይለከፋል፤ በሰው ሚስት ይለከፋል። እኔን የለከፈኝ የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። የሌላው ልክፍት ቢያንስ ጠበል ይወሰድበታል። የእኔን የት ይወስዱታል? «ማን ነህ? ልቀቅ!» ሲባል «ቫዮሊን ነኝ» እያለ የሚለፈልፍ ጋኔን የገጠመው አጥማቂ እስካሁን አልሰማሁም። እናም ሳይጠመቅ ሳይለቅ እንዳለ አለ። አይ፣ ነበር ልበል። አሁንስ የለቀቀኝ ይመስለኛል፤ የለቀቀኝ ግን በጠበል ሳይሆን በንዴት ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስታወትና አንድ ድምፅ ማጉያ አላት። የማጉያው ድምፅ መቀነሻ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ወይ ይጮኻል ወይ ይጠፋል፤ መካከል የሚባል ነገር አያውቅም። ልክ እንደ አክስቴ ባል እንደ አያ አንዷለም ነው፤ እሳቸውም ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ አገር ይሰበስባሉ። ነገ አሠራዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ አሠራዋለሁ እያልኩ ያቆየሁት ይህ ማጉያ በኋላ ያመጣብኝን ጉድ ትሰማላችሁ።

በዚህች ሱቅ ሦስት ልክፍተኞች እንሰበሰባለን። እኔ አንዱ ነኝ። ሌላው መምህር ደሳለኝ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሙዚቃ ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ «ሞገዱን አያችሁት?» ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ ምን እንደሚያይ እሱ ያውቃል። ሦስተኛው ቻላቸው ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ቻላቸው አንድ ድምፅ በምን ዓይነት ማይክራፎን እንደተቀዳ በጆሮዬ እለያለሁ ብሎ ይምላል። ልንገራችሁ አይደል፣ ሦስታችንም በአካል ያየነው ማይክራፎን የደብራችን ዓውደ ምሕረት ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ እሱም ሰባኪው ወደ ፍሬ ነገሩ በገባ ቁጥር ያፏጫል።

የምንሰማው ፖድካስት አለ። ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ለፊልም ሙዚቃ የሠራ ወይም ድምፅ የቀዳ ሰው ይጠሩና ሲያወሩ ያመሻሉ። እኛ እሱን ሰምተን ደግሞ ሱቄ ውስጥ እንወያያለን። ተወያየን የሚለው ደግ ቃል ነው፤ እንናከሳለን። «ክራሩ ቀደም ብሎ መግባት ነበረበት»፣ «ኤኮው በዝቷል»፣ «ሚክሲንጉ ላይ ተኝተውበታል»! አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ራሱን ሊላጭ ገብቶ ክርክራችንን ከሰማ በኋላ «የመሬት ነገር ነው?» ብሎ በሐዘኔታ ጠየቀኝ። ፖድካስቱ በስልክ የሚወያዩበት ግሩፕም አለው፤ ከየአገሩ እንደኛ ያለ ሥራ ፈት ተሰብስቦበታል። እዚያ ውስጥ እኔ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። «የፍኖተ ሰላሙ ተንታኝ» ይሉኛል። ሚስት ያላገኘሁት በከንቱ እንዳይመስላችሁ።

እንግዲህ አንድ አስቂኝ ፊልም ነበር። አንድ ቀብራራ ወጣት አዲስ ስልኩ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅበታል። ልጁ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ቁልቁል ሲያይ፣ ካሜራው ቀስ እያለ ሲጠጋ፣ ከቫዮሊኑ መሃል የአንዲት ሴት ሙሾ ይወጣል። ሰው በሳቅ ይፈነዳል። ስለዚያች ቦታ ግሩፑ ላይ የእጄን ጣት እስኪያመኝ ጽፌያለሁ። «ማጀቢያ ማለት ይህ ነው! ሐዘንን ለሳቅ ያዋለ እጅ ይባረክ!» ብያለሁ። እጄን ይቁረጠው።

አንድ ቀን የዚያን ፊልም ድምፅ ቀጂ ፖድካስቱ ላይ አቀረቡት። ያን ዕለት ሱቄ ሞቅ ብላለች፤ መምህሩ አንዱ ወንበር ላይ፣ ቻላቸው በሩ ላይ፣ እኔ የአንድ ደንበኛ ራስ ላይ ነን። ቀጂው ጨዋታ አዋቂ ነው። «ለቀረጻ ጎጃም ወርደን» አለ፣ «ቡሬ አካባቢ ለቅሶ ገጠመን። መቅጃዬን ጋቢ ውስጥ ደብቄ ገባሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሟቹ ይልቅ ያስጨነቀኝ ነፋሱ ነበር። ደግነቱ ነፋስ የማይገባበት ቦታ ሰጡኝ!» አዘጋጆቹ ሳቁ። እኛም ሳቅን። «እስቲ ሙዚቃው ሳይገባበት ጥሬውን ላሰማችሁ» አለና ለቀቀው።

ቫዮሊኑ የለም። ኤኮው የለም። የሴትየዋ ድምፅ ብቻውን ቀርቷል፤ ፊልሙ ላይ ከቫዮሊኑ ሥር ያልተለየኝ ቃሏ አሁን ጥርት አለ።

«ቡሬ በርበሬውን ባንተ ላይ ቢጭነው፣
… ዓይኔ ላይ ማራገፍህ ምነው?»

እጄ ላይ ያለው ማሽን ሄደ። ደንበኛዬ ራስ ላይ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ባጃጅ የሚያስኬድ መንገድ ወጣ። ሰውየው «ምነው ወንድሜ?» አለኝ። ያ ድምፅ የአክስቴ የየሻረግ ነው! የሚለቀሰውም ልጃቸው ይበልጣል ነው። ይበልጣል እኩያዬ ነበር፤ አንድ ገበታ ላይ ነው ያደግነው። ከቡሬ በርበሬ ጭኖ ወደ ነቀምት ሲሄድ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠች። ሬሳው ሲመጣ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። የአገሬው አልቃሽ አክስቴ ናቸው፤ ለሰው ሁሉ ሙሾ ሲያወርዱ የኖሩ ሴት ያን ቀን ለራሳቸው አወረዱ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ሲሞት ሄደው ይቀመጣሉ እንጂ አፋቸውን አይከፍቱም።

ቀጂውም ትዝ አለኝ። ጆሮው ላይ ሲኒ የሚያህል ነገር ደፍቶ ለቅሶው መሃል ተቀምጦ ነበር። አያ አንዷለም በዚያ ሐዘናቸው መሃል ጠቀስ አድርገውኝ «ያ እንግዳ ምን ሁኖ ነው ጆሮውን ያሰረው?» አሉኝ። «አሞት ይሆናል» አልኩ። አክስቴ ይህን ሰምተው፣ ልጃቸው ተጋድሞ፣ «የሰው አገር ሰው ነው፤ ብርድ እንዳይመታው ከግድግዳው ሥር አስጠጉት፤ ንፍሮም ጨምሩለት» አሉ። ነፋስ የማይገባበት ቦታ ያ ነው። ንፍሯችንን በልቶ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ ለቅሷችንን በጋቢው ይዞ ሄደ።

መምህር ደሳለኝ ዓይኑን ጨፍኗል። «ያችን ዝምታ ሰማችኋት?» አለ። «‹ዓይኔ› ከማለቷ በፊት ያለችውን? ጥበቡ ሁሉ እዚያች ዝምታ ላይ ነው!»

«ዝምታ አይደለችም!» ብዬ ጮኽኩ። «እዚያ ላይ ይበልጣል አለ!»

ቀጂውም አልካደም፤ እዚያው ፖድካስቱ ላይ አስረዳ። «እዚህች ጋ የሟቹ ስም ነበር፤ ቆርጬ አወጣሁት። ስም ካለ የአንድ ሰው ለቅሶ ብቻ ይሆናል፤ ስሙን ስታወጣው የሁሉ ይሆናል።» አዘጋጆቹ «ዋው!» አሉ። ግሩፑም «ዋው!» አለ። የሁሉ ሆነና የመጸዳጃ ቤት ስልክ ሆነ።

አክስቴ ናቸው አልኳቸው፤ ማን ይመነኝ! ቻላቸው «የእኔም አክስት አልቅሳ ታውቃለች» አለኝ። መምህሩ ማስረጃ ጠየቀኝ፤ ፊዚክስ ያለ ማስረጃ አይሄድም አለ። «ስሙ ካልተቆረጠ ይሰማ ነበር፤ ተቆረጠ እንግዲህ፤ ማን ይመስክርልህ?» ግሩፑ ላይ ብጽፍ የሚስቅ ፊት ዘነበብኝ። አንዱማ «የፍኖተ ሰላሙ ተንታኝ ዘመድ ፍለጋ ጀመረ» ብሎ ጻፈ። በመጨረሻ አዘጋጁ ራርቶልኝ ነው መሰል፣ «ቅዳሜ ከሰዓት ቀጂው ግሩፑ ላይ በቀጥታ በድምፅ ይገባል፤ ራስህ ጠይቀው» አለኝ።

እኔም ቆረጥኩ። ቅዳሜ ከአክስቴ ቤት ሆኜ እገባለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ፤ ድምፁ ከድምፁ ጋር ይመሳከራል፤ አለቀ። ለመስማት እንዳይቸገሩ ብዬ ደግሞ ማጉያውን በጆንያ አድርጌ ተሸከምኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት እናት «ቀፎ ነው ልጄ? ንብ አለበት?» ብለው ከአጠገቤ ተነሡ። የለበትም አልኳቸው። ኋላ ሳስበው የተነሡት እሳቸው ልክ ነበሩ።

የአክስቴ ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ስደርስ ደጃቸው ላይ በርበሬ አስጥተው ይለቅማሉ። አዎ፣ በርበሬ። የበላቸውን ይለቅማሉ፤ ምን ያድርጉ። አያ አንዷለም ገበያ ወጥተዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ሰላምታ እንደጨረስን ነገሩን ማስረዳት ጀመርኩ።

«ሁለት ልጆች አሉ አክስቴ፤ አንድ ሰው ይጠሩና ሲያወሩት ያመሻሉ።»

«ምን አጥፍቶ?»

«ምንም አላጠፋም። ሙዚቃ ሠርቶ ነው።»

«ታዲያ ሙዚቃውን አይሰሙለትም?»

«ስለ ሙዚቃው ነው የሚያወሩት። እኛ ደግሞ ስለሚያወሩት እናወራለን።»

ትንሽ አዩኝና «ሚስት አላገኘህም አሁንም?» አሉኝ። ወደ ቁም ነገሩ ገባሁ። ያ ጆሮውን አሞት ነው ያልነው እንግዳ ለቅሶውን ቀድቶ ወስዶ ፊልም ውስጥ እንዳስገባው ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ጆሮው ዳነለት?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የተዘረፈው።

«ዛሬ በቀጥታ ይመጣል» አልኩ፤ «እርስዎ ያችን ሙሾ አንድ ጊዜ ብቻ ካወረዱልኝ ነገሩ ያልቃል።»

የያዙትን በርበሬ ጣሉት። «ምን አልክ? ያለ ሬሳ? ሟርተኛ! ማንን ልትጥልብኝ ነው የመጣኸው? ያ ሽማግሌ ገበያ ነው ያለ! ውጣልኝ!»

ልክ ናቸው። ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤ ይህን የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። እኔ ማይክራፎን ሳጠና ዘንግቼው ነው። ይቅርታ ጠየቅሁና «እንግዲያው ይስሙት ብቻ» አልኩ። መስማት ሟርት የለውም ብዬ። ኔትወርክ የሚገኘው ከጎተራው ሥር ብቻ ነው፤ ስልኬን እዚያ አስቀመጥኩ፣ ማጉያውን አገናኘሁ፣ ለቀቅሁት።

መካከል የማያውቀው ማጉያ ጮኸ። ያ ሙሾ ከደጃቸው ተነሥቶ እስከ ማዶው ሰፈር ወረደ።

አክስቴ አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው በርበሬው ላይ እንዳለ ቀረ። «የኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዝምታዋ ደረሰች። ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ልጄስ?»

«ቆርጠው አወጡት አክስቴ።»

«ከሙሾዬ ውስጥ?»

«አዎ።»

«የኔን ስም ተወው» አሉኝ። «አልቃሽ ስም የላትም፤ አልቅሳ ትሄዳለች። የልጄን ስም ግን መልሱልኝ በላቸው። ሌላ ምን ቀርቶት? ትዳር አልያዘ፣ ልጅ አልተወ። ስሙ ያለ ያች ሙሾ ላይ ነበር። በላቸው እሺ? ማርያምን፣ በላቸው።»

«እላለሁ» አልኩ። «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። አሳበድኩት ብል ይሻላል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ጮኸ።

አላልቅ ብሎ እንጂ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ «ዋይ! ዋይ! አያ አንዷለምን! ምነው ሳንሰናበት!» እያለች ከበሩ ደረሰች። ለካስ ያ ሁሉ ዘመን አፏን የዘጋች አልቃሽ ቤት ሙሾ ሲሰማ ሰፈሩ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏ ሞቷል። እሷን ተከትለው ሌሎች መጡ። ከማዶ እየተጠራሩ መጡ። ከማሳ መጡ። «ኧረ የሞተ ሰው የለም!» ብል ማን ይሰማኛል? የሐዘንተኛ ዘመድ እንዲያ ይላል፤ አላምን ብሎ ነው እያሉ እቅፍ አድርገው አለቀሱብኝ። አክስቴም አላስተባበሉም፤ የልጃቸው ነገር ይዟቸው እንባቸው ይወርዳል። የበሰለ ለቅሶ ሆነ። የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው ብቅ ሲሉ እኔ ጎተራው ሥር ቁጭ አልኩ።

በዚህ መሃል ስልኬ ቀጥታ ውይይቱን ከፈተ። ማጉያው «እንኳን ደህና መጣችሁ ውድ አድማጮቻችን!» ብሎ አገሩን አናጋው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከወረዳ የተላከ የማጽናኛ ንግግር መስሏቸው ነው።

አያ አንዷለም ከገበያ የደረሱት ያኔ ነው። ሕዝቡን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ የያዙትን ጨው ጣሉ። የሞቱት ሚስታቸው መሰሏቸው። «የሻረጌን! ምነው እኔን ባስቀደመኝ!» ብለው ከለቅሶው መሃል ገብተው ተደፉ። የሚለቀስላቸው ሰው መጥተው ሲያለቅሱ ያዩ ሴቶች «በስመ አብ!» እያሉ ተበተኑ። አንዷ አጥር ዘላለች። የንስሐ አባታቸው ቀስ ብለው ተጠጉና መስቀላቸውን ወደፊት አስቀድመው «አንዷለም፣ ማንን ነው የምታለቅስ?» አሏቸው።

«የሻረግን ነዋ አባቴ!»

«የሻረግ ያቻት፤ አንተን ታለቅሳለች።»

አያ አንዷለም ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው እሳቸውን አዩ። ከዚያ አገሩ በሙሉ እኔን አየኝ።

ባርኔጣቸውን ያወለቁት ሽማግሌ የእድሩ ዳኛ ነበሩ። መልሰው ደፉትና «እንግዲህ ማን ነው የሞተው?» አሉ። ነገሩን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ቀጂው፣ ስለ ፊልሙ፣ ስለ ዝምታዋ። አዳመጡኝ። «ልጄ» አሉ ስጨርስ፣ «ድንኳን ወጥቶ፣ ሴት ደረቷን መትታ፣ ባዶውን አይመለስም። ሟርት ነው፤ ሰው ይፈልጋል። ወይ ማን እንደሞተ ንገረን፣ ወይ አንተ ተጋደምና አልቅሰንብህ እንሂድ።» እየቀለዱ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ቦታ ያስተካክሉልኝ ጀመር። እውነት ለመናገር ልተኛላቸው ዳድቶኝ ነበር።

አክስቴ ተነሡ። «ተዉት» አሉ፤ «ሬሳ አለኝ። ይበልጣል ነው። ከሙሾዬ ውስጥ አውጥተው ጥለውታል። ልጄ ዛሬ ሁለተኛ ሞቷል።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደገና አዘቀዘቁ። አክስቴም በዚያ ሁሉ ዘመን ዘግተውት የኖሩትን አፋቸውን ከፈቱት።

«ንፍሮዬን ቀመሰ እንግዳ ሰው መጥቶ፣
ለቅሶዬን ወሰደው ይበልጣልን ትቶ።»

አገሩ ተርገፈገፈ። አያ አንዷለም እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ከይበልጣል ቀብር ይልቅ ያን ቀን አለቀስኩ። በዚህ መሃል ማጉያው «ከፍኖተ ሰላም የገባኸው፣ ጥያቄህን!» አለኝ። ተራዬ ደርሷል! ዘልዬ ስልኩን ያዝኩ።

«ይበልጣል ነው ስሙ!» ብዬ ጮኽኩ። «የቆረጥከው ልጅ! ይበልጣል አንዷለም! እናቱ ይቻት፤ ስሙን መልሱልኝ ትላለች!»

«ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ ዝም በል!» አለ ቀጂው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ጸጸት መስሎኝ ነበር። «አንተ ዝም በልና ስልኩን ወደ ሴትየዋ አቅርብልኝ! ነፋስ እንዳይገባበት በእጅህ ከልለው! ወይኔ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነው!»

«ማነው በለቅሶ መሃል የሚያዝ?» አሉ የእድሩ ዳኛ።

«ይበልጣል!» አልኩ። «ይበልጣል! ይበልጣል አንዷለም!» ድምፄ እስኪዘጋ ጠራሁት። አክስቴ ሙሾ ባወረዱ ቁጥር እኔ ከሥር ስሙን እጮኻለሁ። ኔትወርኩ ሲሄድ እንኳ አላቆምኩም። ማታ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ በምልክት ነበር የማወራው፤ ልቤ ግን ቀልሏል። ሰምተዋል አልኩ። ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ካሁን በኋላ ማን ይቆርጠዋል?

የሚቀጥለው ሳምንት ፖድካስቱ «ልዩ ስጦታ» ይዞ መጣ። ቀጂው እንደገና ቀርቧል። ቀጥታ ውይይቱ ይቀዳ ነበር ለካ። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠመኝም» አለ። «እርግጥ ጥራቱ ችግር ነበረው፤ አንድ ሰውዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከጎን ይጮኽ ነበር። እሱን ማጽዳት እንቅልፍ ነሥቶኛል። አሁን ግን የለም፤ ንጹሕ ነው።»

ሰውዬው እኔ ነኝ። ጸድቻለሁ።

ሙሾውን ለቀቀው። በእውነት ንጹሕ ነው፤ የለበትም ድምፄ፤ ከነስሙ ጠፍቷል። አክስቴ ብቻ ቀርተዋል፦ «ለቅሶዬን ወሰደው … ትቶ።» «ይበልጣልን» የምትለዋንም ቆረጣት! «ስም ድምፅን ያጠብበዋል» አለ እንደ ልማዱ። ርእስም አውጥተውለታል፤ «ባለቤቱ ያልታወቀ ሙሾ፣ ከምዕራብ ጎጃም።» የፈለገ የፊልም ሠሪ ይውሰደው ተባለ። ግሩፑ አበባ በአበባ ሆነ። እኔ ያልጻፍኩት ስድብ የለም፤ አዘጋጁ «ሥነ ሥርዓት» ብሎ ከግሩፑ አስወጣኝ። መምህሩና ቻላቸው ግን አሁንም አሉበት። ቻላቸው አጽናኝ መስሎት «ከስልክ የተቀዳ ነው ብሎ ማን ያምናል?» አለኝ። ወንበሩ ላይ ሳለ ነበር ያለኝ፤ ጆሮውን ያልቆረጥኩት እግዚአብሔር ይዞኝ ነው።

አክስቴ መልሱን ይጠብቁ ነበርና ሄድኩ። ማጉያውን ሳይሆን የጆሮ ማዳመጫ ይዤ። አንዱን ለእሳቸው፣ አንዱን ለራሴ ሰካሁ። አያ አንዷለም አሻግረው አዩንና «ምነው፣ አንቺንም ጆሮሽን አመመሽ?» አሏቸው።

«ስሙን ጠሩት?» አሉኝ አክስቴ።

ምን ልበላቸው? ለቀቅሁት። አክስቴ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ለቅሶዬን ወሰደው አለች ያች ድምፅ። ከዚያ ዝምታዋ መጣች። አክስቴ በዚያች ክፍተት፣ ሙሾ እንዳይሆን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እራት ሲጠሩት እንደነበረው፣ «ይበልጣልን» አሉ። ልክ በቦታዋ ገባች። «ትቶ» ብላ ያች ድምፅ ዘጋችው።

ስልኬ ተርገበገበ። መምህር ደሳለኝ ነው። «ያችን ዝምታ ሰማሃት?» ይላል።

«ድገመው» አሉኝ አክስቴ።